ፒክ አፕ

ፒክ አፕ በእንግሊዝኛ የዕለት ተዕለት ንግግር ውስጥ አዘውትረው ከሚሰሙ ሐረጋዊ ግሦች አንዱ ነው። ሐረጋዊ ግሥ የሚባለው አንድ ግሥና እንደ አፕ፣ አውት፣ ኦፍ፣ ኢን ያለ አንድ አጭር ቃል ተጣምረው እንደ አንድ ግሥ ሲያገለግሉ ነው። «ፒክ» ብቻውን «ለቀመ» ወይም «መረጠ» ማለት ሲሆን «አፕ» ደግሞ «ወደ ላይ» ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ የመጀመሪያ ትርጉማቸው «ከመሬት አነሳ» ነው። ይሁን እንጂ ስልክ ማንሳት፣ ሰውን በመኪና ሄዶ መውሰድ፣ ቋንቋን በጆሮ መልመድ፣ በበሽታ መያዝ፣ የገበያ መሞቅና ሌሎችም ሐሳቦች በዚሁ ግሥ ይገለጻሉ።

ከአማርኛ ግሦች ለዚህ ግሥ በጣም የሚቀርበው «አነሳ» ነው። ሆኖም ሁለቱ የሚገጥሙት በከፊል ብቻ ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች የግሡን ትርጉም የሚወስነው በአብዛኛው «ምኑን ነው ያነሳው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው።

አነባበብና እርባታ

በንግግር ጊዜ ሁለቱ ቃላት ስለሚያያዙ «ፒካፕ» ተብለው ይሰማሉ። ግሥ ሲሆን ድምፁ የሚጠብቀው «አፕ» ላይ ነው፤ ስም ሲሆን ግን «ፒክ» ላይ ነው። በጽሑፍም ግሡ ሁልጊዜ በሁለት ቃል ይጻፋል፤ ስሙ ግን እንደ አንድ ቃል ወይም በመካከሉ ጭረት ተደርጎበት ይጻፋል።

የሚረባው «ፒክ» የሚለው ክፍል ብቻ ነው፦ ፒክስ አፕ (ያነሳል፣ ታነሳለች)፣ ፒክት አፕ (አነሳ፣ አነሳች)፣ ፒኪንግ አፕ (በማንሳት ላይ)። «አፕ» በማንኛውም ጊዜ አይለወጥም።

ዋና ዋና ትርጉሞች

ከመሬት ወይም ከተቀመጠበት አነሳ። «ሺ ፒክት አፕ ዘ ቤቢ» ማለት «ሕፃኑን አነሳችው» ወይም «ብድግ አደረገችው» ማለት ነው። የሚነሳው ነገር በእጅ የሚያዝ መሆን አለበት። በክሬን ወይም በብዙ ሰው ጉልበት ለሚነሳ ከባድ ዕቃ እንግሊዝኛ «ሊፍት» የሚለውን ግሥ ይመርጣል።

ስልክ አነሳ። «ኖ ዋን ፒክት አፕ» ማለት «ማንም አላነሳም» ነው። እዚህ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ሙሉ በሙሉ ይገጥማሉ። ሁለቱም አነጋገሩን የያዙት የስልክ እጀታ ከማስቀመጫው ላይ በእጅ ይነሳ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ የሚነሳ እጀታ የሌለው ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲጠራም አነጋገሩ አልተለወጠም።

ሰውን ካለበት ሄዶ ወሰደ። «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ አት አረካ» ማለት «አረካ መጥቼ እወስድሃለሁ» ማለት ነው። ከዱቦ ወደ ሶዶ የሚሄድ መኪና መንገድ ላይ ሰው ሲያሳፍርም ይኸው ግሥ ይነገራል። ተቃራኒው «ድሮፕ ኦፍ» (አወረደ፣ አደረሰ) ነው። በስልክ መተግበሪያ ታክሲ በሚጠራባቸው ከተሞች «ፒክ አፕ» ተሳፋሪው የሚሳፈርበትን ቦታ፣ «ድሮፕ ኦፍ» ደግሞ የሚወርድበትን ያመለክታል።

ዕቃ ሄዶ ተረከበ ወይም በመንገድ ላይ ገዛ። «ፒክ አፕ ሰም ብሬድ» ማለት «ስትመጣ ዳቦ ግዛ» ማለት ሊሆን ይችላል። ከቢሮ ደብዳቤ፣ ከልብስ ሰፊ ልብስ፣ ከላቦራቶሪ ውጤት መውሰድም በዚሁ ግሥ ይነገራል።

ያለ አስተማሪ ለመደ። «ሂ ፒክት አፕ አምሃሪክ ኢን ዘ ማርኬት» ማለት አማርኛን ገበያ ውስጥ ከሰው እየሰማ ለመደ ማለት ነው። ከወላይታ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ሄዶ በጥቂት ወራት ውስጥ የሥራ ባልደረቦቹን እየሰማ አማርኛውን ያቀላጠፈ ወጣት በእንግሊዝኛ የሚገለጸው በዚህ ግሥ ነው። «ለርን» የሚለው ግሥ ሆን ብሎ መማርንም የሚያጠቃልል ሰፊ ቃል ነው። ፒክ አፕ ግን ያለ ክፍልና ያለ መጽሐፍ በጆሮና በዓይን መልቀምን ብቻ ያመለክታል። ልማድን፣ የአነጋገር ዘይቤንና የእጅ ሙያንም በዚህ መንገድ «ፒክ አፕ» ማድረግ ይቻላል።

በሽታ ያዘው። «ዘ ቻይልድ ፒክት አፕ አን ኢንፌክሽን» ማለት «ልጁን ኢንፌክሽን ያዘው» ነው። በአማርኛ በሽታው ባለቤት ሆኖ ሰውን ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ባለቤት ሆኖ በሽታውን «ያነሳል»። ይህ ማለት ግን ሰውየው ፈልጎ ወይም በጥፋቱ ታመመ ማለት አይደለም።

ተሻሻለ፣ ጨመረ፣ በረታ። «ቢዝነስ ፒክስ አፕ» ማለት ቀዝቅዞ የነበረ ገበያ ሞቀ ማለት ነው። በመስከረም ወር የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ በሶዶና በአረካ የሚታየው የገበያ ግርግር በእንግሊዝኛ ሲገለጽ ይህ ግሥ ይስማማዋል። ነፋስ ሲበረታና መኪና ፍጥነት ሲጨምርም ይኸው ግሥ ይነገራል። በዚህ ትርጉም ሲመጣ ብዙ ጊዜ ተሳቢ የለውም።

ካቆመበት ቀጠለ። «ሌት አስ ፒክ አፕ ዌር ዊ ሌፍት ኦፍ» ማለት «ካቆምንበት እንቀጥል» ነው። መምህራን ትምህርት ሲጀምሩ ይህን አነጋገር ያዘወትሩታል።

ድምፅ ወይም ምልክት ያዘ። ሬዲዮ ጣቢያ ሲይዝ፣ ስልክ ኔትወርክ ሲይዝ፣ ማይክሮፎን የሩቅ ድምፅ ሲቀበል «ፒክ አፕ» ይባላል። የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ያለው ማግኔትና የመዳብ ጥቅል ሽቦ ፒክ አፕ የሚል ስም ያገኘው ከዚህ ትርጉም ነው። ይህ ዕቃ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል።

አስተዋለ። ከኋላው «ኦን» ሲጨመርበት፣ «ፒክ አፕ ኦን» በግልጽ ያልተነገረን ነገር ማስተዋልን ያመለክታል። አንድ አስታማሚ የታመመችው እናቱ ሳትናገር ሕመሟ እንደጠናባት ከፊቷ ቢረዳ፣ ይህ አነጋገር ይገልጸዋል።

ሌሎች። ፖሊስ ተጠርጣሪን ሲይዝ፣ አንድ ሰው የሁሉንም ሒሳብ ሲከፍል፣ የተዝረከረከ ክፍል ሲስተካከልም (ይህ በተለይ በአሜሪካ) ፒክ አፕ ይነገራል። «ፒክ ዩርሰልፍ አፕ» ከወደቁ ወይም ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ራስን አበርትቶ መነሳት ነው። ሰው ተሳቢ ሲሆን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ግሡ የማያውቁትን ሰው ለፍቅር ወይም ለአንድ ሌሊት ማግባባት የሚል ትርጉምም አለውና። «ከመናኸሪያ» ወይም «ከትምህርት ቤት» የሚል ቦታ አብሮ ሲጠቀስ ጥርጣሬው ይወገዳል።

የቃላት አቀማመጥ

ፒክ አፕ ተሳቢ ሲኖረው ሊከፈል የሚችል ግሥ ነው። ተሳቢው ስም ከሆነ በሁለት ቦታ ሊገባ ይችላል፤ «ፒክ አፕ ዘ ቡክ» እና «ፒክ ዘ ቡክ አፕ» ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ትርጉማቸውም አንድ ነው። ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ግን የግድ በመካከል ይገባል። «ፒክ ኢት አፕ» ትክክል ሲሆን «ፒክ አፕ ኢት» ስህተት ነው። «ሂም»፣ «ሀር»፣ «ሚ»፣ «ዜም» የሚሉትም በዚሁ ደንብ ይመራሉ።

ደንቡ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ የሚሆነው አማርኛ ተሳቢውን ከግሡ ጋር አጣብቆ ስለሚናገር ነው። «አንሳው» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ግሡም ተሳቢውም አሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ይህንን በሦስት ቃል ከፍሎ ተሳቢውን በመካከል ያስቀምጠዋል።

ያለ «አፕ» እና ከሌሎች ቃላት ጋር

«አፕ» ሲቀር ትርጉሙ ይለወጣል። «ፒክ ዘ ኮፊ» ማለት ቡናውን ከዛፉ ላይ ልቀም ማለት ሲሆን «ፒክ አፕ ዘ ኮፊ» ደግሞ ቡናውን ካለበት አንሳ ወይም ሄደህ ተረከብ ማለት ነው። ቡና በሚለቀምበት አካባቢ ልዩነቱ የሥራ ልዩነት ነው፤ አንደኛው ቅርጫት ይዞ ወደ ማሳ ያስኬዳል፣ ሁለተኛው መኪና ይዞ ወደ መጋዘን። በፈተና ወረቀት ላይ «ፒክ» ብቻውን ሲጻፍ «ምረጥ» ማለት ነው።

«ፒክ አውት» ከብዙዎች መካከል መርጦ ማውጣት ወይም ለይቶ ማየት ነው። «ፒክ ኦን» ደግሞ በአንድ ሰው ላይ ነገር መፈለግ፣ ደጋግሞ ማስቸገር ነው። ስለዚህ «ፒክ አፕ ኦን» (አስተዋለ) እና «ፒክ ኦን» (ነገር ፈለገበት) ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ከ«አነሳ» ጋር ሲነጻጸር

አማርኛ «አነሳ» በሚለው ግሥ ብዙ ይናገራል፤ ሁሉም ግን በእንግሊዝኛ ፒክ አፕ አይሆኑም። ሕፃን አነሳ፣ ስልክ አነሳና የወደቀ ዕቃ አነሳ የሚሉት በቀጥታ ይገጥማሉ። የሚከተሉት ግን የየራሳቸው ግሥ አላቸው፦

• ፎቶ አነሳ፦ ቴክ
• ጥያቄ ወይም ሐሳብ አነሳ፦ ሬይዝ ወይም ብሪንግ አፕ
• እጁን አነሳ፦ ሬይዝ
• የሰው ስም አነሳ፦ ሜንሽን
• ክልከላ ወይም ማዕቀብ አነሳ፦ ሊፍት
• ሹም ከሥልጣን አነሳ፦ ሪሙቭ
• ገበታ አነሳ፦ ክሊር

በሌላ በኩል እንግሊዝኛ ፒክ አፕ የሚልባቸውን በሽታን፣ ቋንቋን፣ ገበያንና የሬዲዮ ጣቢያን አማርኛ በሌሎች ግሦች ይናገራቸዋል፤ በሽታ ይይዛል፣ ቋንቋ ይለመዳል፣ ገበያ ይሞቃል፣ ጣቢያ ይያዛል። በዚህ ምክንያት ፒክ አፕን በአንድ የአማርኛ ቃል ብቻ መያዝ አያዋጣም፤ «ፒክ አፕ ዘ ፎን»፣ «ፒክ አፕ አ ላንጉጅ» እያሉ ከተሳቢው ጋር ማጥናት ይሻላል።

በአማርኛና በወላይትኛ ያለ ተመሳሳይ አሠራር

በሁለት ቃል የሚነገር ግሥ ለኢትዮጵያ ተናጋሪዎች እንግዳ አይደለም። አማርኛ «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ብድግ አደረገ» ይላል። «ብድግ» ብቻውን አይረባም፤ «አለ»ም እዚህ ላይ «ተናገረ» የሚለውን ትርጉሙን ትቷል። «ዝም አለ» የተባለ ሰው ምንም አልተናገረም።

ወላይትኛም «አለ» የሚል ትርጉም ካለው «ጊስ» ከሚለው ግሥ ጋር ሌላ ቃል እያጣመረ ተመሳሳይ ግሦችን ይሠራል። አማርኛ ከሴማዊ፣ ወላይትኛ ከኦሞአዊ የቋንቋ ቤተሰብ ይመደባሉ። ቤተሰባቸው ቢለያይም ይህን አሠራር ይጋራሉ፤ የቋንቋ አጥኚዎችም የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ከሚያቀራርቡ ባሕርያት አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል።

በእንግሊዝኛ የሥራ ክፍፍሉ የተገላቢጦሽ ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው ቃል ትርጉሙን ይይዛል፣ ሁለተኛው ይረባል፤ በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው ይረባል፣ ሁለተኛው ትርጉሙን ይለውጣል። ስለዚህ «ዝም» የሚለውን ሰምቶ ትርጉሙን የሚጠብቅ የአማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲሰማ ጆሮውን ወደ መጨረሻው አጭር ቃል ማዞር ይኖርበታል።

በትምህርትና በሥራ ቦታ

ሐረጋዊ ግሦች ለባዕድ ተማሪ አስቸጋሪ መሆናቸው አዲስ ነገር አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ የውጭ አገር ሰዎችን እጅግ የሚያስቸግረው ይህ ዓይነቱ የግሥ አሠራር መሆኑን ጠቅሷል። ዛሬ የሚታወቁበትን «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለውን ስም ያሰራጨው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው መጽሐፍ ነው፤ ስሙን የጠቆመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሄንሪ ብራድሊ ነበር።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። በወላይታ ዞን ይህ ማለት አንድ ልጅ በላቲን ፊደል በሚጻፈው ወላይትኛ ይጀምራል፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይማራል፣ በኋላም የሳይንስና የሒሳብ መጻሕፍትን በእንግሊዝኛ ያነባል ማለት ነው። የላቲኑን ፊደል ቀድሞ ስለሚያውቅ «ፒክ» እና «አፕ» የሚሉትን ቃላት ማንበብ አያስቸግረውም። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን በየራሳቸው አውቆ ሲጣመሩ ሌላ መሆናቸውን ሳያውቅ ሲቀር ነው። በመዝገበ ቃላትም «ፒክ» የሚለውን ትርጉም ብቻ አንብቦ ከተመለሰ አይገባውም፤ ፒክ አፕ የሚገኘው በዚያው ቃል ሥር ዝቅ ብሎ ነው።

ጉዳዩ ከፈተና ውጤት በላይ የሚሆንበት ቦታ የጤና አገልግሎት ነው። በዱቦ እንዳለው ባለ ሆስፒታል፣ የጤና ባለሙያዎች ሙያቸውን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የመድኃኒት መመሪያዎችም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይመጣሉ። በአማርኛ «መድኃኒቱን ውሰድ» ሲባል «ከፋርማሲ ተረከብ» ማለትም «ዋጥ» ማለትም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል፦ «ፒክ አፕ ዩር ሜዲሲን» ሄደህ ተረከብ፣ «ቴክ ዩር ሜዲሲን» ዋጥ ወይም ጠጣ። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ሁለቱንም «ውሰድ» ብሎ ካለፈ፣ ታማሚው መድኃኒቱን ተረክቦ ቤቱ ሊያስቀምጥና የታዘዘውን ፈጸምኩ ብሎ ሊያስብ ይችላል። «ከፋርማሲ ተረከቡ» እና «ይዋጡ» ብሎ ለይቶ መናገር ይህን ስህተት ያስቀራል።

በአማርኛ የገባው ስም

ፒክ አፕ በአማርኛ በሰፊው የሚታወቀው በመኪና ስምነቱ ነው። ከፊት የሰው መቀመጫ፣ ከኋላ ክፍት የጭነት ቦታ ያለው ይህ መኪና ስሙን ያገኘው ዕቃን ከአንድ ቦታ አንስቶ ከማድረስ ሥራ ጋር በተያያዘ ነው። የፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1925 በሞዴል ቲ ላይ ከፋብሪካ የተሠራ የፒክ አፕ አካል ገጥሞ ለገበያ አቀረበ። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው የቶዮታ ሃይሉክስ ደግሞ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በአገር ውስጥ እንደ መቀመጫው ብዛት «ሲንግል ጋቢና» እና «ደብል ጋቢና» እየተባለ ይለያል።

እንደ ፒክ አፕ ሁሉ ሜካፕ፣ ቼክ አፕ፣ ፑሽ አፕ፣ ባክ አፕ እና ስታርት አፕ ወደ አማርኛ የገቡት በስምነት ነው። ግሥ እንዲሆኑ ሲፈለግ አማርኛ የራሱን ረዳት ግሥ ይጨምርባቸዋል፦ ፑሽ አፕ ሠራ፣ ቼክ አፕ አደረገ፣ ባክ አፕ አደረገ። በከተማ ወጣቶች ንግግር የሚሰማው «ፒክ አድርገኝ» (መጥተህ ውሰደኝ) ከዚሁ ወገን ነው። አሠራሩ «ብድግ አደረገ» ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ ባዕዱ ቃል በ«ብድግ» ቦታ ይቆማል፣ «አደረገ» ይረባል። በዚህ አነጋገር ግን «አፕ» መቅረቱ ልብ ይሏል። በአማርኛ ውስጥ ችግር የለውም፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን «ፒክ ሚ» ማለት «ምረጠኝ» ስለሚሆን፣ መንገድ ላይ መኪና የሚጠብቅ ሰው «ፒክ ሚ አፕ» ማለት ይኖርበታል።